የዋሻ ጠብታ ድንጋይ ስለ በረዶ ዘመን እንዴት ይናገራል? የኛ የጀማ ሸለቆ ዋሻዎችስ?

የመርሐቤቴው መምህር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ። ዓለም ከተማ ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው፣ ስለ በረዶ ዘመን እያወራሁ ካናዳና ስካንዲኔቪያ ኪሎ ሜትር በሚያልፍ ውፍረት በረዶ ተሸፍነው ነበር ስል አንዷ ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር ያኔ ቆሞ ያየ ሰው የለም፣ በረዶውም ቀልጦ አልቋል፣ ታዲያ መቼ እንደመጣ መቼ እንደሄደ በምን አወቁ?» አለችኝ። በጣም ነው ደስ ያለኝ በጥያቄዋ። ግሪንላንድና አንታርክቲካ ላይ እየቦረቦሩ የሚያወጡትን የበረዶ ዘንግ ነገርኳት፣ በረዶው እየገፋ ያመጣውን የድንጋይ ክምርም ነገርኳት፣ ግን እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ጥያቄዋን ሙሉ በሙሉ አይመልሱም። የቀለጠ በረዶ ተቦርቡሮ አይወጣም፣ የድንጋይ ክምሩንም ቀጥሎ የመጣ በረዶ ጠርጎ ይወስደዋል።

ከዛ ሳነብ ሳይቤሪያ ውስጥ ካሉ ዋሻዎች ድንጋይ ወስደው መሬቱ መቼ በርዶ እንደነበር መቼ እንዳልነበር አወቁ የሚል ነገር አገኘሁ። ፐርማፍሮስት የሚሉት ማለት ነው፣ ቢያንስ 2 ዓመት በተከታታይ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ የሚቆይ መሬት። ያልገባኝ እዚህ ላይ ነው፣ ዋሻ ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠ ድንጋይ ውጪ ስላለው ብርድ በምን ያውቃል?

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ የራሳችን ነው። ከኛ ደጋ ወደ ጀማ ስትወርዱ ጥቁሩ ድንጋይ ያልቅና ነጩ ይጀምራል፣ እዛ ነጩ ውስጥ ዋሻዎች አሉ፣ አንዳንዶቹ ከጣራቸው የተንጠለጠለ ከወለላቸው ደግሞ የበቀለ የሚመስል ድንጋይ አላቸው። የቆላ ልጆች እየሰበሩ ክፍል ድረስ ያመጡልኛል። ያ ድንጋይ ያው የሳይቤሪያው ዓይነት ነው? እኛስ አገር ስለ በረዶ የሚናገረው ነገር አለ ወይስ የለም? የምታውቁ በናታችሁ።


ካባ ሠራተኛ፦

ሰላም መምህር፣ እኔ ለሚ አካባቢ ካባ ላይ ነው የምሠራው፣ ሳይንሱን የሚያውቁ ይመልሱልህ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር። የኖራ ድንጋይ ስንፈነቅል አንዳንዴ መሀሉ ክፍት ሆኖ እናገኘዋለን፣ ትንሽ ክፍል ታክላለች፣ ግድግዳው በሙሉ የሚያብለጨልጭ ክሪስታል ነው፣ ጣራው ላይ ደግሞ መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ቀጭን ቱቦ ተንጠልጥሎ ጫፉ ላይ ውሃ ይዟል። ወፈር ያለውን በዲስክ ስትቆርጠው ውስጡ መስመር በመስመር ነው፣ ነጭ፣ ክሬም፣ ቡናማ፣ እንደገና ነጭ። አንዳንዱ ላይ አንድ ጠቆር ያለ ጭቃማ መስመር ይገባና ከሱ በላይ ያለው በሌላ አቅጣጫ ያደገ ይመስላል። ያቺ መስመር ምን እንደሆነች ሁሌም ማወቅ እፈልግ ነበር፣ የሚያውቅ ካለ እኔም እጠብቃለሁ።


ጠብታ፦

መምህር ጥያቄህንም ተማሪህንም ወድጃቸዋለሁ። ጂኦሎጂ ነው የተማርኩት፣ ቤተሰቦቼ እነዋሪ ናቸው፣ ስለዚህ ጀማን ከላይ ሆኜ እያየሁ ነው ያደግኩት። ረጅም ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ድንጋዩ እንዴት እንደሚሠራ። ዝናብ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ከሥርና ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ለስለስ ያለ አሲድ ይሆናል፣ ያ ውሃ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ ሲወርድ ድንጋዩን እያሟሟ ይሄዳል። ዋሻው ጣራ ላይ ሲደርስ የዋሻው አየር ከአፈሩ ያነሰ ጋዝ ስላለው ከጠብታው ውስጥ ጋዙ ይወጣል፣ ጋዙ ሲወጣ ውሃው የተሸከመውን ኖራ መያዝ ያቅተውና ጥሎት ይሄዳል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚቀረው በሉት፣ ልዩነቱ ዋሻ ውስጥ የሚያፈላው እሳት የለም ጊዜው ደግሞ በሺህ ዓመት ነው የሚለካው። ብዙዎቹ በዓመት ከ0.01 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው የሚያድጉት። መምህር ልጆቹ የሰበሩት አንድ ስንዝር ድንጋይ ሺህ ዓመታት ፈጅቶ የበቀለ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ በረዶው። ይሄ ሁሉ እንዲሆን የሚያስፈልገው ዋና ነገር የሚፈስ ውሃ ነው። ከዋሻው በላይ ያለው መሬት ከላይ እስከ ታች ከበረደ ስንጥቁ በሙሉ በበረዶ ይደፈናል፣ ጠብታ የለም፣ ጠብታ ከሌለ ድንጋዩ አያድግም። መሬቱ ሲቀልጥ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ድንጋዩ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ድንጋዩ ያደገበትን ዘመን ካወቅክ መሬቱ ያልበረደበትን ዘመን አወቅክ። ያቆመበትም እንዲሁ ይናገራል፣ እኔ እንደውም ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ እሱ ነው፣ በሌላ ቦታ መረጃ የለም ብለን የምናልፈው ክፍተት እዚህ ራሱ መረጃ ነው። ካባ ሠራተኛ ወንድሜ ያየሃት ጠቆር ያለች መስመር እሷ ናት። ዕድገቱ ሲቆም አቧራና ጭቃ ይተኛበታል፣ ጠብታው ተመልሶ ሲመጣ ቦታውን ትንሽ ቀይሮ ስለሚያርፍ ነው በሌላ አቅጣጫ ያደገ የሚመስልህ። እርግጥ ለሚ ላይ መሬት በርዶ አይደለም፣ የኛ አገሩ የሚቆምበት ሌላ ምክንያት አለው፣ እመጣበታለሁ።

ዕድሜውን እንዴት ያውቃሉ? ዩራኒየም ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ቶሪየም ግን አይሟሟም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጠብታው ኖራውን ሲጥል ድንጋዩ ውስጥ ትንሽ ዩራኒየም ይገባል፣ ቶሪየም ግን ከሞላ ጎደል ዜሮ ነው። ከዛ ዩራኒየሙ በራሱ ጊዜ እየተለወጠ ቶሪየም ይሆናል፣ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የታወቀ ነው፣ ቶሪየሙም በተራው ይለወጣል፣ የቶሪየም 230 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪለወጥ የሚፈጀው ጊዜ፣ 75,600 ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ላይ ምን ያህል ቶሪየም እንደተጠራቀመ ስትለካ ያ ንጣፍ መቼ እንደተኛ ታገኘዋለህ። በዚህ ዘዴ እስከ 600,000 ዓመት ገደማ ይኬዳል፣ ከዛ በላይ ለሆነው ዩራኒየም እርሳስ ወደሚባለው ብረት የሚለወጥበትን ይለካሉ፣ በሱ ሚሊዮኖች ድረስ ይኬዳል።

የሳይቤሪያው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንቶን ቫክስ የሚባል ተመራማሪና ጓደኞቹ ከሳይቤሪያ እስከ ጎቢ በረሃ ድረስ ያሉ ዋሻዎችን ከሰሜን ወደ ደቡብ ተከታትለው ድንጋይ ሰበሰቡ። ሰሜን ጫፍ ላይ ያለው ሌድያናያ ሌንስካያ ነው፣ ሌና ወንዝ አጠገብ፣ 60 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ አሁን ዙሪያው በሙሉ የበረደ መሬት ነው ምንም የሚንጠባጠብ የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት የዛ ዋሻ ድንጋይ ለመጨረሻ ጊዜ ያደገው ከ400,000 ዓመት ገደማ በፊት ሆኖ ተገኘ፣ ያ ዘመን ደግሞ የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከነበረው 1.5 ዲግሪ ገደማ ይበልጥ የነበረበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በእርሳሱ ዘዴ ወደ ኋላ ሄደው አዩት፣ ከ1.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ እስከ 400,000 ድረስ ደጋግሞ አድጓል፣ ከዛ በኋላ ጭጭ። ያቀረቡት ምክንያት የአርክቲክ ባሕር በረዶ ነው። ባሕሩ በበጋ ክፍት ሲሆን ሙቀትና እርጥበት ወደ የብስ ይገባል፣ በመፀውና በብርዱ ወራቸው ላይ ብዙ በረዶ ይጥላል፣ የተቆለለው በረዶ መሬቱን ሸፍኖ ብርዱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ያደርጋል። ባሕሩ ዓመቱን ሙሉ መብረድ ሲጀምር ያ ሁሉ ቀረ፣ መሬቱም በረደ።

ይሄ ለምን እንደሚያሳስብ ለተማሪዎችህ ንገራቸው። የበረደው መሬት ውስጥ ያልበሰበሰ ሥርና ቅጠል ታሽጎ አለ፣ ውስጡ ያለው ካርቦን አሁን አየራችን ላይ ካለው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፣ መሬቱ ከቀለጠ እየበሰበሰ ወደ አየር ይወጣል። የአርክቲክ ባሕር በረዶ ደግሞ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሳሳ መጥቷል።


ደጋ ሰው፦

ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ስለ ብርድ ማንም አይነግረኝም። ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ውርጩ ባቄላውን አጥቁሮት ሲያድር አይቼ ነው ያደግኩት። እህት ጠብታ ያልሽው ደስ ይላል ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ድንጋዩ ማደግ ያቆመው ውሃ ስለጠፋ ነው አልሽ፣ ውሃ የሚጠፋው መሬቱ ስለበረደ ብቻ ነው እንዴ? ድርቅ ከሆነስ? ዝናብ ካልጣለ በሙቀትም ይቆማል እኮ። ወይም ጠብታው ስንጥቁን ቀይሮ ሌላ ጋ መንጠባጠብ ይችላል፣ ያኔ ያ ድንጋይ ብቻውን ቆመ እንጂ መሬቱ ምንም አልሆነም። ከአንድ የቆመ ድንጋይ ተነስቶ ሳይቤሪያ በሙሉ በርዳ ነበር ማለት ትንሽ አይበዛም? ሌላው ዕድሜው ነው፣ ጭቃ ከገባበት ጭቃው ራሱ ቶሪየም ይዞ አይመጣም?


ጠብታ፦

ደጋ ሰው ሁሉም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እነዚህን ሳይመልሱ ማንም መጽሔት ላይ አያወጣቸውም።

በአንድ ድንጋይ አይፈርዱም። ከአንድ ዋሻ ብዙ፣ ከዛ ብዙ ዋሻ ነው የሚወስዱት። ጠብታው ቦታ ቢቀይር አንዱ ይቆማል ሌላው ይቀጥላል፣ ሁሉም በአንድ ዘመን ከቆሙ ግን ምክንያቱ ከዋሻው በላይ ነው። ድርቁን ለመለየት ነው እስከ ጎቢ የወረዱት። ጎቢ በረሃ ነው፣ እዛ ድንጋይ ካደገ ዝናብ ነበር ማለት ነው፣ ከቆመ ድርቅ። ሰሜን ላይ ግን ዛሬም ዝናብና በረዶ አለ፣ ድንጋዩ የማያድገው መሬቱ ስለበረደ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ስትደረድራቸው የትኛው በብርድ የትኛው በድርቅ እንደቆመ እየተለየ ይመጣል።

ከዛ ደግሞ ከማቆሙ ሌላ ቀጥታ ምስክር አለ፣ በጣም የምወደው። መሬቱ ከላይ መቅለጥ ሲጀምር ውሃው ገና በርዶ ወዳለው ዋሻ ይገባና ቀስ እያለ እዛው ይበርዳል። ውሃ ሲበርድ ንጹሑ ውሃ ነው በረዶ የሚሆነው፣ ኖራው በቀረው ውሃ ውስጥ እየወፈረ ይሄድና በመጨረሻ ክሪስታል ሆኖ ይወጣል። በረዶው ሲቀልጥ ያ ክሪስታል ወለል ላይ፣ በወደቀ ድንጋይ መሀል፣ ከምንም ጋር ሳይያያዝ ተበትኖ ይገኛል። አንዳንዱ ከአሸዋ ፍሬ የማይበልጥ፣ አንዳንዱ ድቡልቡል፣ ቢጫና ቡናማ። ብዙ ሰው ረግጦት ነው የሚያልፈው። ጀርመን፣ ፖላንድና ቼክ ዋሻዎች ውስጥ ተገኝቷል፣ እነዚህ ዋሻዎች ባሉበት ዛሬ እንዲህ ያለ የበረደ መሬት የለም፣ ስለዚህ በበረዶ ዘመን እዛም መሬቱ ምን ያህል ጥልቀት ድረስ በርዶ እንደነበር ይናገራል። ድርቅ ይሄንን ክሪስታል አይሠራም።

የዕድሜው ጥያቄም ልክ ነህ፣ ጭቃ የገባበት ንጣፍ ዕድሜውን ያበላሻል። ግን ጭቃው ሲገባ ሌላ ዓይነት ቶሪየም፣ 232 የሚባለውን፣ አብሮ ይዞ ይመጣል፣ እሱን ለክተው ያስተካክላሉ፣ ከበዛ ደግሞ ያንን ንጣፍ ይተዉታል። ከታች ወደ ላይ ሲለኩ ዕድሜው ቅደም ተከተሉን ካልጠበቀም ተቀባይነት የለውም።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። አንዳንዴ ድንጋዩ በረዶ ሥር ሆኖም ያድጋል። ኦስትሪያ አልፕስ ላይ ስፓናጌል የሚባል ዋሻ አለ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከላዩ የበረዶ ግግር ነበረበት፣ አፈርም ተክልም የለም፣ ግን ድንጋዩ አድጓል። የበረዶ ግግሩ ወፍራም ሲሆን ሥሩ ካልበረደ ውሃ ይፈስሳል፣ እዛ አለቱ ውስጥ ያለው ፓይራይት የሚባል ድኝና ብረት ያለበት ማዕድን ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚሠራው አሲድ ነው የአፈሩን ሥራ የሠራው። ስለዚህ በዛ ዋሻ ያደገ ድንጋይ ላዩ ላይ በረዶ አልነበረም ለማለት አይበቃም። ለዚህ ነው እያንዳንዱን ዋሻ በራሱ ጠባይ ማንበብ ያለባቸው።


ደጋ ሰው፦

የጎቢው ነገር አሳምኖኛል። ክሪስታሉ ደግሞ ይበልጥ። አሁንም ግን በጥቂት ዋሻ አንድ አህጉር የሚያክል መሬት ላይ መናገሩ ይከብደኛል፣ ዋሻ የሌለበት ሜዳውስ? እሱን በሌላ መንገድ ማየት አለባቸው ነው የምለው። ለማንኛውም አመሰግናለሁ እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው ያስረዳሽው።


እህተ ሰላሌ፦

እኔ ፍቼ ነኝ። አንድ ጥያቄና አንድ ልመና አለኝ።

ጥያቄው፣ አገራችን ራሷ በረዶ ነበራት ወይ? አያቴ አቡዬ ሜዳ ላይ በክረምት መሬቱ ነጭ ሆኖ ያድራል ይሉ ነበር፣ ያ ግን የአንድ ሌሊት በረዶ ነው፣ እኔ የምጠይቀው ተቆልሎ የሚከርመውን ነው።

ልመናው ደግሞ ይሄ ነው። እኛ ጋ ዋሻ ማለት ብዙ ጊዜ ጸሎት ቤት ነው። ከጣራው የሚንጠባጠበው ውሃ ጸበል ነው፣ ታማሚ ይጠጣዋል ይጠመቅበታል፣ ደብረ ሊባኖስ የሄደ ሰው የምለው ይገባዋል። ይሄን ያነበበ ወጣት መዶሻ ይዞ እንዳይወርድ እፈራለሁ። መምህር አንተም ልጆቹ ሰብረው ሲያመጡልህ ደስ ብሎህ አትቀበላቸው ወንድሜ።


ጠብታ፦

እህቴ ልመናሽን በሁለት እጄ ነው የምቀበለው፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

በረዶ ነበረን ወይ? አዎ ነበረን። በደንብ የተጠናው ባሌ ነው። ሳነቴ አምባ ላይ ከ42,000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የበረዶ ግግር ነበር፣ ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኖ ነበር። በዛው ዘመን ፊንጫ ሀበራ በምትባል የባሌ ዋሻ ሰዎች ይኖሩ ነበር፣ የበረዶው ግግር እያዩ እዛው ያለውን ትልቁን ፍልፈል እያደኑ እየጠበሱ ይበሉ ነበር፣ አጥንቱና አመዱ ተገኝቷል። ሰሜንና አርሲ ተራሮች ላይም የበረዶ ግግር ዱካ አለ። ከዛ ደግሞ መምህር ለጠየቅከው ለበረደ መሬት የሚቀርበው፣ ሳነቴ ላይ ትላልቅ ድንጋዮች በመስመር ተደርድረው ይገኛሉ፣ አንዱ መስመር እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል እስከ 15 ሜትር ይሰፋል። ሰው አልደረደረውም። መሬቱ እየበረደ እየቀለጠ ድንጋዩን ከአፈሩ እየለየ ነው እንደዛ ያሰለፈው። ዛሬ ሳነቴ ላይ ሌሊት ይበርዳል እንጂ መሬቱ በጥልቀት አይበርድም፣ ስለዚህ ያ መስመር ያኔ ምን ያህል ይቀዘቅዝ እንደነበር ምስክር ነው።

እና የጀማው ድንጋይ። መምህር አዎ ያው ነው፣ አሠራሩ አንድ ነው። ጥቁሩ ባዛልት ነው፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ እሱ ውስጥ ያለ ዋሻ እንዲህ ዓይነት ድንጋይ አይበቅልበትም ኖራ ስለሌለው። ከሥሩ ያለው ነጩ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው የጁራሲክ ባሕር ትቶት የሄደው የኖራ ድንጋይ ነው፣ የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅሪት የሚገኝበት። ግን የጀማ ሸለቆ ቆላ ነው፣ መሬቱ በርዶ አያውቅም፣ ስለዚህ የኛ ድንጋይ ስለ በረደ መሬት አይናገርም። የሚናገረው ስለ ዝናብ ነው፣ እና በዝናቡ በኩል ተመልሶ ስለ በረዶው ይናገራል።

እንዴት? ሰሜን አትላንቲክ ላይ የበረዶ ግግር ተገምሶ ወደ ባሕር ሲገባና ሲቀልጥ የውቅያኖሱ ሙቀት ዝውውር ይዳከማል፣ የዝናብ መስመሩ ይገፋል፣ የኛ ክረምት ይከዳል። ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት እንዲህ ሆኖ ጣና ሐይቅ ራሱ ደርቆ ነበር። አዎ ጣና። ቪክቶሪያም ደርቆ ነበር በዛው ዘመን አካባቢ። ቻይና ናንጂንግ አጠገብ ሁሉ የሚባል ዋሻ አለ፣ የሱ ድንጋይ እነዚያን የበረዶ መገመስ ጊዜያት የዝናብ መዳከም አድርጎ አንድ በአንድ መዝግቧቸዋል። የሚነበበው በኦክስጅን ነው፣ ከባዱ ኦክስጅን 18 እና ቀላሉ 16፣ ዝናብ ሲበዛ በኛ ዓይነት አገር ከባዱ ይቀንሳል፣ ድንጋዩ ውስጥ ያ መጠን ንጣፍ በንጣፍ ታትሞ ይቀራል። ካባ ሠራተኛ ለሚ ላይ የምታያት መስመር እንግዲህ ምናልባት እንዲህ ያለ የደረቀ ዘመን ናት።

ኢትዮጵያ ውስጥም ተሠርቷል። ፕሮፌሰር አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቹ ምዕራብ ሐረርጌ መቻራ አካባቢ ካሉ ዋሻዎች ወስደው አጥንተዋል፣ እዛ ያሉት አንዳንዶቹ በየዓመቱ አንድ ንጣፍ ነው የሚጥሉት፣ ዓመት በዓመት ትቆጥረዋለህ። የኛ የሰሜን ሸዋ ሸለቆዎች ያው ዓይነት የኖራ ድንጋይ ነው ያላቸው፣ አንድ ቀን በሥርዓቱ የሚያያቸው ሰው እንዲመጣ በጣም ነው የምመኘው፣ እስከዛ ግን ሳይሰበሩ መቆየት አለባቸው።


የመርሐቤቴው መምህር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጣና ደርቆ ነበር ያልሽው ራሴን ነው የያዝኩት። አንድ ብቻ ቀረኝ፣ ተማሪዬ የጠየቀችው ስለ ትልቁ በረዶ ነው፣ ካናዳንና ስካንዲኔቪያን የሸፈነው። መሬቱ መብረዱ ገባኝ፣ የበረዶው ብዛትስ፣ ምን ያህል ነበር የሚለው ከዋሻ ይገኛል?


ጠብታ፦

ይገኛል፣ በባሕር በኩል። በረዶው የሚሠራው ከባሕር በተነነ ውሃ ነው፣ የብስ ላይ በተቆለለ ቁጥር ባሕሩ ይወርዳል። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት በረዶው ከፍተኛ በነበረበት ጊዜ ባሕሩ ከዛሬው ከ120 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነበር። ጠብታ ድንጋይ አየር ውስጥ ነው የሚያድገው፣ ውሃ ውስጥ አያድግም። ባሃማስ ሄደህ ባሕር ሥር ያለ ዋሻ ውስጥ በቀጥታ የቆመ ድንጋይ ካገኘህ፣ ያ ድንጋይ ያደገ ጊዜ ባሕሩ ከሱ በታች ነበር ማለት ነው፣ ዕድሜውን ለክተህ ባሕሩ መቼ እዛ ዝቅታ ላይ እንደነበር ታውቃለህ፣ ከሱ ደግሞ በረዶው ምን ያህል እንደነበር ታሰላለህ። ጣሊያን ውስጥ አርጀንታሮላ የሚባል የሰመጠ ዋሻ አለ፣ ድንጋዩ ሲቆረጥ አንድ ንጣፍ ኖራ፣ ቀጥሎ አንድ ንጣፍ የባሕር ትል የሠራው ቅርፊት፣ ከዛ እንደገና ኖራ። ባሕሩ ሲወጣ ትሎቹ ላዩ ላይ ይኖራሉ፣ ሲወርድ ጠብታው ተመልሶ ይሸፍናቸዋል። ይሄን ፎቶ ለልጆቹ ብታሳያቸው ሌላ ማስረዳት አያስፈልግህም።

ስፔን ማዮርካ ደሴት ላይ ደግሞ ባሕሩ ዋሻው ውስጥ ገብቶ በቆመበት ልክ የተንጠለጠለውን ድንጋይ ዙሪያውን የሚያወፍር ኖራ ይጥላል፣ የውሃውን ልክ ምልክት አድርጎ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አንዱን ለክቶ ከ3.27 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕሩ ከዛሬው 16 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ እንደነበር አሳይቷል። ግሪንላንድ ላይ ያለው በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ 7 ሜትር ገደማ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ያኔ ከአንታርክቲካም ብዙ ቀልጦ ነበር ማለት ነው። ግሪንላንድን ካነሳሁ፣ ሰሜን ምሥራቅ ጫፏ ላይ 80 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ያሉ ዋሻዎች አሉ፣ ጂና ሞዝሊ የምትባል ተመራማሪ ወርዳ ድንጋይ አገኘችበት፣ ከ588,000 እስከ 549,000 ዓመት በፊት ያደገ። እዛ ዛሬ ብርዱም ድርቀቱም ጠብታ አይፈቅድም፣ ያኔ ግን ይንጠባጠብ ነበር።

እህተ ሰላሌ ወደ ልመናሽ። ሙያው ውስጥ ያለን ሰዎችም የምንስማማበት ነው፣ ጸበል ያለበት ዋሻ ያለ ደብሩ አባቶች ፈቃድ አይነካም፣ ሌላውም ያለ መንግሥት ፈቃድ አይወሰድም። ደግሞ ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ከየት ጣራ ሥር እንደቆመ፣ የትኛው ጫፉ ላይ እንደነበረ ካልታወቀ ለጥናት ብዙም አይጠቅምም። አጥኚዎች ሲሄዱም መጀመሪያ ራሱ ወድቆ የተሰበረውን ነው የሚፈልጉት፣ ካልሆነ በቀጭን መሰርሰሪያ ትንሽ ዘንግ አውጥተው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። መምህር ልጆቹ ማየት ከፈለጉ በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ አጠገቡ ማስመሪያ ያስቀምጡ፣ ጠብታው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚወርድ በሰኔና በጥር ቆጥረው ያወዳድሩ። እሱ ራሱ እውነተኛ መረጃ ነው፣ አጥኚ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።


የመርሐቤቴው መምህር፦

እህተ ሰላሌ ሰኞ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የምናገረው ያልሽውን ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ የተሰበረ ድንጋይ ከማንም አልቀበልም። የጠብታ ቆጠራውን ከቆላ የሚመጡት ልጆች እንዲይዙት አደርጋለሁ፣ መዝገብ እንከፍትለታለን። እስካሁን የመጡት ቁርጥራጮች ግን መደርደሪያ ላይ አሉ፣ ወደ ቦታቸው አይመለሱም፣ ምን ላድርጋቸው?


ካባ ሠራተኛ፦

መምህር አንዱን ወፍራሙን ለሚ ላክልኝ ወይ ራስህ ይዘኸው ና። ውሃ እያፈሰስን በዲስክ ለሁለት እንከፍለዋለን፣ ደርቆ ከተቆረጠ ይፈረካከሳል። ከዛ በሸካራው ወረቀት ጀምረን በለስላሳው እንጨርሰዋለን፣ ረጠብ ሲል መስመሮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ አንዱን ግማሽ ለክፍሉ አንዱን ለመጠባበቂያ ታስቀምጠዋለህ። ከመቆረጡ በፊት ግን የትኛው ወደ ላይ እንደነበር ያመጣውን ልጅ ጠይቀህ በእርሳስ ቀስት ሥራበት። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ።